ግማሽ ቤት ሠርቶ የሚያስረክበው አርክቴክት

ቤት ለሌለው ሰው "ና፣ ግማሽ ቤት እንስጥህ" ቢሉት ምን ይላል? "ትቀልዳላችሁ እንዴ!" ማለቱ አይቀርም። ግማሽ እንጀራ ይበላል፤ ግማሽ ብርጭቆ ሻይም ይጠጣል። ግማሽ ቤት ግን ምኑ ይኖርበታል? እንግዲህ በደቡብ አሜሪካዋ ቺሌ አንድ አርክቴክት ይህንኑ ግማሽ ቤት ሆን ብሎ፣ አስቦበትና አስልቶ ለድሆች ሠርቶ አስረክቧል። በዚሁ ሥራውም ስሙ ከአገሩ አልፎ በዓለም ታውቋል።

አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬና ይባላል፤ የ2016 የፕሪትዝከር ሽልማት አሸናፊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአገራችንን ስጠቅስ "ዓ.ም." እጨምርበታለሁ።) ኖቤል ለሳይንቲስቶች ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፕሪትዝከርም ለአርክቴክቶች እንደዚያው ነው። ብዙውን ጊዜ ሽልማቱ የሚሄደው ሙዚየም፣ ኦፔራ ቤት ወይም ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ለሠራ ሰው ነው። የአራቬና ስም ሲነሳ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው ለአንድ ቤተሰብ 7,500 ዶላር ብቻ የተመደበበት የድሆች መንደር ነው።

ሰውየውና ቢሮው

አራቬና በ1967 በቺሌ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ ተወለደ። በ1992 ከቺሌ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በአርክቴክቸር ተመረቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራው ማንኛውም ጎበዝ ወጣት አርክቴክት የሚሠራውን ነው፤ በተለይ ለተማረበት ዩኒቨርሲቲ የሠራቸው ሕንፃዎች ተወደውለታል። ነገሩ የተለወጠው በ2000 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ነው። እዚያ አንድሬስ ያኮቤሊ ከሚባል የአገሩ ሰው ጋር ተዋወቀ። ያኮቤሊ ኢንጂነር ነው። ቺሌ የታወቁ አርክቴክቶች ያሏት አገር ናት፤ መንግሥት በድጎማ የሚያሠራቸው የድሆች ቤቶች ግን ጠባብ፣ ሩቅና ደስ የማይሉ ነበሩ። ለምን? ሁለቱ ሰዎች የተያያዙት ይህንን ጥያቄ ነው። ከዚያም ኤለመንታል የሚባለው ቢሮ ተወለደ።

ቢሮው ራሱን "ቲንክ ታንክ" ሳይሆን "ዱ ታንክ" ብሎ ይጠራል። በእኛ አማርኛ "አሳቢዎች ብቻ አይደለንም፣ ሠሪዎች ነን" እንደማለት ነው። አራቬና ቢሮውን የሚመራው ከሌሎች 4 አርክቴክቶች ጋር በሽርክና ነው። ኋላ ላይ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲውና ኮፔክ የሚባለው የነዳጅ ኩባንያ በባለድርሻነት ገብተውበታል። የአርክቴክት ቢሮ ከነዳጅ ኩባንያ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የድሃ ቤት መሥራት ትርፍ የሌለው ሥራ ስለሆነ ከኋላ የሚደግፍ አቅም ያለው አካል ይፈልጋል።

ሒሳቡ አልሞላ ሲል

ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። ኢኪኬ በሰሜን ቺሌ በአታካማ በረሃ ጠርዝ፣ በባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። በከተማዋ እምብርት ኪንታ ሞንሮይ በሚባል ግማሽ ሄክታር ቦታ ላይ 100 የሚሆኑ ቤተሰቦች ለ30 ዓመት ያህል ሠፍረው ኖረዋል። ቦታው በሕግ የእነሱ አልነበረም። እኛ አገር "የጨረቃ ቤት" የምንለው ዓይነት ነው። ቤቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ተለጥፎ የቆሙ ስለነበሩ ብዙ ክፍሎች ብርሃንም አየርም አያገኙም ነበር።

መንግሥት ሰዎቹን ከማፈናቀል ይልቅ እዚያው ቦታቸው ላይ ቤት እንዲሠራላቸው ወሰነና ለኤለመንታል ሰጠው። ገንዘቡ ግን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 7,500 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም የለም። ደግነቱ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ክፋቱ ደግሞ በዚያው ገንዘብ መሬቱ ይገዛል፣ ውኃና ፍሳሽ ይዘረጋል፣ ቤቱም ይሠራል። በዚያ ላይ መሬቱ መሃል ከተማ ስለሆነ ዋጋው ለድጎማ ቤት ይከፈል ከነበረው 3 እጥፍ ነው። በተለመደው አሠራር ይህ ገንዘብ የሚያስገኘው ከከተማ ወጣ ብሎ ከ30 እስከ 40 ካሬ ሜትር የምትሆን ቤት ብቻ ነበር።

ቢሮው የታወቁትን መንገዶች በሙሉ አንድ በአንድ ፈተሸ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው የቆመ ቤት ከግቢ ጋር ቢሠራ ቦታው የሚበቃው ለ30 ቤተሰብ ብቻ ሆነ። ጎን ለጎን የተያያዙ ቤቶች ቢሠሩ ወደ 60 ይገባሉ፤ ነገር ግን ሰው ክፍል በጨመረ ቁጥር የፊተኛው የኋለኛውን ብርሃን ይዘጋዋል። ታዲያ ፎቅ ቢሠራስ? ፎቅ ቢሠራ ሁሉም ይገባሉ። ቤተሰቦቹ ግን ፎቅ የሚባል ነገር እንዳታነሱብን አሉ። ይባስ ብለው ይህንን ሐሳብ ካመጣችሁ የረሃብ አድማ እንመታለን ብለው ዛቱ፤ ይህንን የተናገረው አራቬና ራሱ ነው። ለምን ቢባል ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። አፓርታማ ግድግዳው አይገፋም። ልጅ ሲወለድ፣ አማት ስትመጣ፣ የወንድም ልጅ ከገጠር ሲገባ ክፍል አይጨመርበትም።

እንግዲህ አንዱ ቦታ አይበቃም፣ ሌላው ገንዘብ አይበቃም፣ ሦስተኛውን ደግሞ ባለቤቶቹ አይፈልጉትም።

ትንሽ ቤት ወይስ የትልቅ ቤት ግማሽ?

አራቬና ደጋግሞ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ ለተሳሳተ ጥያቄ ጥሩ መልስ ከመስጠት የከፋ ነገር የለም ይላል። (ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች ይህንን በደንብ ብንይዘው ጥሩ ነው።) እስከዚያ ድረስ ጥያቄው "በዚህ ገንዘብ ምን ያህል ቤት መሥራት ይቻላል?" የሚል ነበር። መልሱም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ቤቱን አሳንስ፣ ሰውየውን ወደ ዳር አርቅ።

ኤለመንታል ጥያቄውን ገለበጠው። አንድ መካከለኛ ኑሮ ያለው ቤተሰብ በ70 እና በ80 ካሬ ሜትር ቤት ውስጥ ደህና ሆኖ ይኖራል። ያለው ገንዘብ የሚበቃው የዚህን ግማሽ ለመሥራት ነው። ታዲያ 40 ካሬ ሜትሩን እንደ ትንሽ ቤት ከማየት ይልቅ ለምን የጥሩ ቤት ግማሽ አድርገን አናየውም? ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቤት ነው ካልክ ሁሉንም ነገር አሳንሰህ ትሠራለህ፤ ትንሽ ሳሎን፣ ትንሽ መኝታ፣ ትንሽ መጸዳጃ ቤት፣ ለትንሽ ቤት የሚበቃ ቀጭን መሠረት። ግማሽ ነው ካልክ ግን ወዲያውኑ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የትኛውን ግማሽ?

የአራቬና መልስ፣ ቤተሰቡ ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን ግማሽ የሚል ነው። ድሃ ሰው ቤቱን ቀስ በቀስ መሥራት ያውቅበታል። ዛሬ ትንሽ ብሎኬት፣ የዛሬ ዓመት ጥቂት ቆርቆሮ እያለ፣ እሑድ እሑድ ከጎረቤት ጋር እየተጋገዘ ክፍል ይቀጥላል። በራሱ ጉልበትና ገንዘብ የማይወጣው ግን መሃል ከተማ ላይ መሬት መግዛትን፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚችል መሠረትና ኮለን ማቆምን፣ ከጎረቤት የሚለይ እሳት የማያሳልፍ ግድግዳ መሥራትን፣ የቧንቧና የፍሳሽ መስመር መዘርጋትን፣ መጸዳጃ ቤት፣ ኩሽናና ደረጃ መሥራትን ነው። መንግሥት ገንዘቡን እነዚህ ላይ ያውጣ፣ የቀረውን ቤተሰቡ በጊዜው ይጨርሰው ነው ሐሳቡ።

ሥራው በ2004 ተጠናቆ 93 ቤቶች ተሠሩ። ሕንፃዎቹ ባለ ሦስት ወለል ናቸው። ምድር ላይ አንድ ቤት አለ፤ ከእሱ በላይ ያሉት ሁለት ወለሎች በውስጥ ደረጃ የተያያዙ ሌላ ቤት ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ጥርሱ እንደወላለቀ ሰው ናቸው። አንድ ግንብ ይቆማል፣ ቀጥሎ ባዶ ክፍተት፣ እንደገና ግንብ፣ እንደገና ክፍተት። የላይኛው ቤት ወደ ጎን ወዳለው ክፍተት ያድጋል፤ የታችኛው ደግሞ በዚያው በምድሩ ላይ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይሰፋል። የታችኛው ሲረከቡት 36 ካሬ ሜትር ሆኖ ሲሰፋ 70 ይደርሳል። የላይኛው ከ25 ካሬ ሜትር ተነስቶ እስከ 72 ይሄዳል። በዚህ ዘዴ ፎቅ ሳይሠራ የፎቅ ያህል ሰው ገባ፤ የመስፋፊያ ቦታውም አልጠፋም። ቤቶቹ የተሰደሩት በትናንሽ የጋራ ግቢዎች ዙሪያ ሲሆን አንዱ ግቢ 20 ያህል ቤተሰቦችን ይይዛል። ከዘመድ ያነሰ ከመንገደኛ የበለጠ መተዋወቅ ላላቸው ሰዎች የሚሆን ቦታ ነው።

አራቬና ከዚህ ጋር አያይዞ የሚያነሳው የዋጋ ጉዳይም አለ። እንደሱ አባባል የድጎማ ቤት መኪና ይመስላል፤ ከተረከቡት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። ቤት ግን በጊዜ ብዛት ዋጋው መጨመር ነበረበት። ዋጋ የሚጨምረው ደግሞ ቦታው ጥሩ ሲሆንና ሲሰፋ የማይበላሽ ሆኖ ሲነደፍ ነው። ቢሮው እንደሚገልጸው የኪንታ ሞንሮይ ቤቶች ከተስፋፉ በኋላ ከ20,000 ዶላር በላይ ተገምተዋል።

ለእኛ አዲስ ነው?

ይህንን ሳነብ "ኧረ ይኼማ እኛም ጋ አለ!" ያልኩበት ቦታ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ሰርቪሱን ነው። ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቶ ይገባና ዋናውን ቤት አቅሙ ሲፈቅድ ይጀምራል። በየቀበሌ ቤቱ ያለው ቅጥያም ያው ነው፤ በቺፕውድ የተከፈለ ሳሎን፣ ከአጥር ጋር የተያያዘ ማድ ቤት፣ ልጅ ሲያድግ የምትጨመር አንዲት ክፍል። ስለዚህ ቤት እያደገ የሚሄድ ነገር መሆኑን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከኮንዶሚኒየም ጋር ሲነጻጸር ነው ልዩነቱ ፍንትው ብሎ የሚታየው። የእኛም የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የተጀመረው ከኪንታ ሞንሮይ ጋር በተቀራረበ ጊዜ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽና ማብቂያ ነው። በ20/80 ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፍ ሲረከብ ቤቱ ብዙውን ጊዜ ያለቀለት አልነበረም። ሴራሚኩ፣ ቀለሙ፣ የውስጥ በሩ፣ የኩሽናው ቁም ሳጥን የባለቤቱ ዕዳ ነው። ከቤቱ ክፍያ ሌላ ለ"ፊኒሺንግ" ስንት ቤተሰብ እንደተበደረ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንግዲህ እኛም ያላለቀ ቤት ነው የምናስረክበው ማለት ይቻላል። ግን ሳይሠራ የሚቀረው ማሳመሪያው እንጂ ስፋቱ አይደለም። ስቱዲዮ የደረሰው ሰው ጥሩ ሴራሚክ ቢያነጥፍም ስቱዲዮው ስቱዲዮ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት በየት በኩል ይሰፋል? ሰው የሚያገኘው መስፋፊያ በረንዳውን መዝጋት ብቻ ነው፤ እሱም ብርሃኑን ያጠፋበታል። የኢኪኬ ቤተሰቦች የረሃብ አድማ እንመታለን ያሉት ይህንን ፈርተው ነው።

ሁለተኛው ነገር ቦታ ነው። ከመሃል ከተማ በልማት የተነሳ ሰው ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ቤት ሲሰጠው ቤቱ ከነበረበት የቀበሌ ቤት በጣም ሊሻል ይችላል። ግን ጉልት የምትቸረችር እናት ደንበኞቿ የት አሉ? የቀን ሠራተኛው በየቀኑ ስንት ለታክሲ ይከፍላል? ኤለመንታል ከትንሿ በጀት ላይ ውድ መሬት መግዛትን የመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ቤቱን በኋላ ማስፋት ይቻላል፤ ቦታውን ግን ማንም በኋላ ሊያቀርበው አይችልም። በእኔ አስተያየት ከግማሽ ቤቱ ይልቅ ልንወስደው የሚገባን ይህንን ነው። የእኛን ፕሮግራም ሳልነቅፍበት የማልፈው አንድ ነገር ግን የጋራ ቤቱ ወይም ኮሚዩናሉ ነው። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት ቦታ ለብቻው መታሰቡ የኖርንበትን ኑሮ ያወቀ ሰው ሥራ ነው።

ዝናብ ያለበት አገርና ማዕበል

ኢኪኬ ዝናብ የሚባል ነገር አታውቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክፍተቶቹን ሳይከድኑ መተው ችግር አልነበረውም። ሰውም በቀላል እንጨትና ሰሌዳ ሊዘጋቸው ይችላል። ዝናብ ባለበት ቦታስ?

የካቲት 27 ቀን 2010 በመካከለኛው ቺሌ መጠኑ 8.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከሰተ፤ የባሕር ማዕበልም ተከተለው። (ቀኑም የእነሱ ነው፤ በእኛ የካቲት 20 ቀን 2002 ዓ.ም. ይሆናል።) በጣም ከተጎዱት ከተሞች አንዷ በማውሌ ወንዝ አፍ ላይ ያለችው ኮንስቲቱሲዮን ናት። ኤለመንታል ከተማዋን መልሶ ለመገንባት በ100 ቀን ውስጥ ዕቅድ እንዲያወጣ ተጠራ። አንዱ ሐሳብ ባሕር ዳሩን ነፃ መሬት አድርጎ መተው ነበር፤ ይህ ሕገ ወጥ ሰፋሪ ይጠራል። ሌላው ትልቅ ግንብ መገንባት ነው፤ ወጪው ብዙ፣ ማዕበሉን ማቆሙም አጠራጣሪ። ሦስተኛው በከተማዋና በባሕሩ መካከል የማዕበሉን ጉልበት የሚያደክም ደን መትከል ነው። ነዋሪዎቹ ተጠይቀው ሲናገሩ የሚያስጨንቃቸው ማዕበሉ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። በየዓመቱ የዝናብ ጎርፍ ያስቸግራቸዋል፣ የሚዝናኑበት ቦታ የለም፣ ወንዛቸው ደግሞ በግል ይዞታዎች ስለታጠረ አይደርሱበትም። ደኑ ለእነዚህም መልስ ስለነበረው ድምፅ ተሰጥቶበት ተመረጠ።

በዚሁ ከተማ ቪያ ቬርዴ በሚባለው መንደር 484 ቤቶች ተሠሩ። አሠሪው አራውኮ የሚባለው የደን ኩባንያ ሲሆን ሥራው በ2013 አለቀ። እዚህ ዝናብ ስላለ ንድፉ ተለውጧል። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ጣሪያው ሙሉ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ግን ግማሹ ብቻ ቤት ሆኖ ግማሹ ባዶ ነው። ቤተሰቡ ሲረከብ 57 ካሬ ሜትር ያገኛል፤ ባዶውን ሲሞላው 85 ይሆንለታል። በፎቶግራፍ ሲታይ ግማሹ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ያለቀ፣ ግማሹ የእንጨት አጽም ብቻ የሆነ ቤት ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የአንዱ አረንጓዴ፣ የሌላው ቀይ፣ የአንዱ መስኮት ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ ሆኖ ይታያል።

ተቺዎቹ ምን ይላሉ?

ሁሉም ሰው አጨብጭቧል ማለት አይደለም። አንደኛው ወቀሳ፣ መንግሥት ሙሉ ቤት የመስጠት ግዴታውን ለድሃው ጉልበት አሳልፎ ሰጠ የሚል ነው። በጀቱ ያነሰው ለምንድን ነው ብሎ ከመታገል ይልቅ ባነሰው በጀት ላይ ውብ መልስ መስጠት፣ ያነሰውን በጀት ያጸናዋል ይላሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። አንዲት አቅመ ደካማ አሮጊት ወይም ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት ግማሹን በማን ጉልበት ትሞላዋለች?

ሌላው ከዓመታት በኋላ የታየው ነገር ነው። ኪንታ ሞንሮይን ተመልሰው ያጠኑ ባለሙያዎች ብዙ ቤተሰቦች ንድፉ ከሚፈቅደው በላይ እንደገነቡ አይተዋል። ግንባታው የጋራ ግቢዎቹን እየገፋ ገባባቸው፤ ዘመድና ተከራይ ሲጨመር መጨናነቁ ተመለሰ፤ ብርሃን የማያገኙ ክፍሎችም እንደገና ተፈጠሩ። አርክቴክቱ ለመስፋፋት በሩን ሲከፍት የት ላይ እንደሚቆም የሚከታተል ሰው ያስፈልግ ነበር። ቁልፍ ከተሰጠ በኋላ ምክር የሚሰጥ፣ ሲበዛም "እዚህ ላይ ይብቃ" የሚል ባለሙያ ከሌለ ግማሹ ቤት አንድ ተኩል ይሆናል። በእኔ ግምት የሐሳቡ ደካማ ጎን ይኼ ነው፤ ሐሳቡን ግን ከንቱ አያደርገውም።

በነገራችን ላይ እያደገ የሚሄድ ቤት የአራቬና ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ ማብቂያ በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ "ፕሬቪ" በሚባል ፕሮጀክት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ አርክቴክቶች ነዋሪው የሚያሳድጋቸው ቤቶች ነድፈዋል። አራቬና የጨመረው፣ ያለውን ድጎማ ሳያልፍ፣ ውድ መሬት ላይና ሰው ሳይፈናቀል ማድረጉን ነው።

በ2016 ኤለመንታል ኪንታ ሞንሮይንና ቪያ ቬርዴን ጨምሮ የ4 ፕሮጀክቶቹን ንድፍ ማንም በነፃ ወስዶ እንዲጠቀምበት ይፋ አድርጓል። የኪንታ ሞንሮይን ንድፍ አምጥቶ አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ማቆም አይቻልም፤ ክፍተቶቹ ክዳን ስለሌላቸው የእኛን ሐምሌና ነሐሴ አይችሉትም። የቪያ ቬርዴው ግን ጣሪያው ሙሉ ነው። ባዶው ግማሽ በመጀመሪያው ክረምት እንጨት ማስቀመጫና ልብስ ማስጫ ይሆናል፤ ብሎኬት የተገዛ ዕለት ደግሞ ክፍል ይሆናል። ችግሩ ከኮንዶሚኒየም የበለጠ መሬት መውሰዱ ነው፤ መሬቱ መሃል ከተማ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ እንደገና ከ"ሀ" ይጀምራል።